ላሜራ ለመፈተን ሃይድሮሊክ ማሽን ይሻላል ወይስ ባለ ስክሩ?

ሰሞኑን አንድ ላሜራ እያጠፈ የሚሸጥ ወዳጄ ሁለት ፕሮፎርማ ይዞ መጣ፣ ሳምፕል (የተቆረጠ ናሙና) እስኪበጠስ ስቦ ጥንካሬውን የሚለካ ማሽን ነው፣ አንዱ ባለ 1000 ኪሎ ኒውተን (የመሳብ አቅሙ ነው) በዘይት ግፊት የሚሰራ ሃይድሮሊክ ሌላው ባለ 50 ኪሎ ኒውተን በሞተርና በስክሩ የሚሰራ፣ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። ልቡ ያለው ትልቁ ላይ ነው፣ "ነገ ፌሮም እፈትንበታለሁ" ይላል። እኔ ደግሞ ስራህ ላሜራ ከሆነ ተወው አልኩት።

ሂሳቡን እዩት። የተለመደው የላሜራ ሳምፕል ወገቡ ላይ 12.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ከሆነ 12.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ዲሲ 04 የሚባለው ለስላሳው ላሜራ ጥንካሬው ቢበዛ 350 ሜጋ ፓስካል (በካሬ ሚሊ ሜትር 350 ኒውተን) ስለሆነ 4.4 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ላይ ስራው አለቀ። ብዙዎቹ ትልልቅ ሃይድሮሊኮች ደግሞ ስህተታቸው ከ1 በመቶ አይበልጥም የሚባለው ከአቅማቸው 2 ወይም 4 በመቶ ጀምሮ ነው፣ የ1000 2 በመቶ 20 ኪሎ ኒውተን ነው፣ የናንተ ላሜራ እዛ ሳይደርስ ተበጥሷል! ኩንታል በሚመዝን ሚዛን በርበሬ እንደመመዘን ነው። ባለ 24 ፌሮ ግን ወደ 270 ኪሎ ኒውተን ስለሚፈልግ እሱን የሚፈትን ሰው ሃይድሮሊኩን ቢገዛ አልፈርድበትም። ሁለቱንም የምር የሚሰራ ደግሞ ሁለት ማሽን ነው የሚያስፈልገው፣ ቢመርም።

በፍጥነት ቁጥጥርም ባለ ስክሩው ይሻላል፣ ቀስ ብሎ እኩል ይጎትታል፣ ዘይትም አያፈስም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ሳምፕሉን የሚይዘው መጨበጫ ላይ ነው። እኔ ራሴ አንዴ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ስፈትን ከሰዓቱን ሙሉ ግራፉ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረኝ፣ ሎድ ሴሉ (ኃይሉን የሚለካው) ተበላሸ ብዬ ገመድ ስነቅል ስሰካ ቆየሁ፣ በኋላ የመጨበጫውን ጥርስ ፈትቼ ሳየው ዚንኩ ተልጦ መሃል መሃሉን ሞልቶታል፣ ሳምፕሉ እየተንሸራተተ ነበር ለካ። በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩትና ሁሉ ነገር ቀጥ አለ። ስለዚህ ጠፍጣፋ ጥርስ ከማሽኑ ጋር አብሮ መምጣቱን ፕሮፎርማው ላይ እዩ፣ ለክብ ብረት የሚሆነው ብቻ ከመጣ ላሜራ አይዝላችሁም።

ኤክስቴንሶሜትር (መሳሳቡን የሚለካው) ካልገዛችሁ ማሽኑን ባትገዙት ይሻላል ባይ ነኝ። የላሜራ እጅ መስጫ ነጥብ (ቢለቁት ወደ ቦታው የማይመለስበት) የሚወሰደው 0.2 በመቶ ላይ ነው፣ በ50 ሚሊ መለኪያ ርቀት 0.1 ሚሊ ማለት ነው፣ መጨበጫው ትንሽ ከተንሸራተተ ያ ቁጥር ገደል ገባ። ሳምፕሉን በስለት የሚነክሰው ዓይነት ርካሽና አስተማማኝ ነው፣ ግን ስስ ላሜራ ላይ ስለቱ ጭረት ይተዋል፣ ሳምፕሉ ሳይበጠስም ማውለቅ አለባችሁ። በካሜራ የሚለካው ውድ ነው፣ መብራትም ይፈልጋል፣ በምትኩ ርዝመቱንም ስፋቱንም አንድ ላይ ያያል። ድስት ወይም የመኪና አካል በፕሬስ የሚስብ ሰው አር ቫልዩ (ላሜራው ሲሳብ መሳሳትን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳይ ቁጥር) ያስፈልገዋል፣ እሱ የሚወጣው ከስፋቱ ለውጥ ስለሆነ ካሜራው ያዋጣዋል፣ ሳምፕሉንም ላሜራው ከተዳመጠበት አቅጣጫ በ0፣ በ45 እና በ90 ዲግሪ ቁረጡት። ጣሪያ ቆርቆሮ ለሚሰራ ግን የሚነክሰው ይበቃዋል።

ወደ መግፋቱ ስንመጣ ወዳጄ "ማሽኑ ይገፋል ወይ?" ብሎ ነበር፣ አዎ ሁለቱም ይገፋሉ፣ ችግሩ ላሜራው ነው። 1 ሚሊ ላሜራ ከዳርና ዳር ስትገፉት ሳይጨመቅ ይጎብጣል። እንዳይጎብጥ ግራና ቀኙን በጠፍጣፋ ብረት ደግፋችሁ በብረቱና በላሜራው መሃል የሚያንሸራትት ቴፍሎን ታስገባላችሁ፣ ከዛ በኋላ የፍትጊያውን ኃይል ከውጤቱ መቀነስ አለ። ሌላው መንገድ ክብ ክብ ቆርጦ መደራረብና በውፍረቱ አቅጣጫ መጫን ነው፣ እሱ መሳሪያው ቀላል ነው፣ ግን ያንኑ ሳምፕል ስቦ መልሶ መግፋት አይቻልም።

ስቦ መግፋቱ የሚጠቅመው ላሜራው ከታጠፈ በኋላ ትንሽ እየተመለሰ ለሚያስቸግረው ሰው ነው፣ በተለይ ጠንካራ ላሜራ ለሚያጥፍ። አንዴ የተሳበ ብረት ተመልሶ ሲገፋ ቀድሞ እጅ ይሰጣል፣ ባውሺንገር የሚባል ጀርመናዊ ፕሮፌሰር ሙኒክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ያገኘው ነገር ነው። ይሄን ለመፈተን የተለመደው ባለ ሽብልቅ መጨበጫ አይሆንም፣ እሱ ሲጎተት ነው የሚጠብቀው፣ ሲገፋ ይለቃል፣ ከጎን በሃይድሮሊክ የሚጨብጥ ያስፈልጋል፣ ስክሩውም ልቅ መሆን የለበትም፣ ሁለቱ ተደምረው ዋጋውን ይሰቅሉታል። ወዳጄ የሚያጥፈው ለስላሳ ላሜራ ነው፣ ስለዚህ ይሄን ከፕሮፎርማው ላይ አስወጣነው።

አሁን ከራሱ መጋዘን አምስት ቁራጭ ላሜራ ለሻጩ ልኮ "በዚህ ፈትናችሁ ግራፉን ላኩልኝ" ብሏቸዋል፣ ቅድመ ክፍያውን ከዛ በኋላ ነው የሚከፍለው።