ኤስ8፣ አይፎን 7 ወይስ ባለ 1 ጂቢዋ ጎ፦ ፋይል ለሚያመላልስ ሰው የቱ አሮጌ ስልክ ይሻላል?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ያገለገለ ስልክ ሊገዛ ሶስት አማራጭ ይዞ መጣ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ8፣ አይፎን 7 እና ጎ ኤዲሽን የሚባለው ትንሹ አንድሮይድ (ቴክኖም አይቴልም ብዙ አውጥተዋል፣ እሱ ያየው 1 ጂቢ ራም 16 ጂቢ ስቶሬጅ ያለውን ነው)። ስለ ካሜራ አይደለም የጠየቀኝ። ልጁ ቪዲዮ ኤዲቲንግ እየተማረ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከላፕቶፕ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ጓደኛው ሲገለብጥ ነው የሚውለው፣ ደሞ የስልኩ ገጽ እንደሌላ ሰው ስልክ ከሆነ ያመዋል። "ጋሼ የቱን ልያዝ?" አለኝ፣ እኔም ሶስቱንም በተለያየ ጊዜ ይዤ ስለማውቅ ያልኩትን ልጻፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ሰው የማያየውን ነገር ልናገር፣ የሲም ማስቀመጫውን። አይፎን 7 (2016 የወጣ) አንድ ሲም ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሚሞሪ ካርድ የሚባል ነገር አያውቅም። ኤስ8 (2017) ሁለት አይነት ነው፣ ባለ አንድ ሲሙ አንድ ሲምና አንድ ሚሞሪ ይይዛል፣ ባለ ሁለት ሲሙ ግን ሁለተኛው ቦታ የጋራ ነው፣ ወይ ሁለተኛ ሲም ወይ ሚሞሪ፣ ሁለቱንም አይሆንም። አሁን ብዙ ሰው አንድ የኢትዮ ቴሌኮም አንድ የሳፋሪኮም ሲም ይዞ ስለሚዞር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስልኩን ገዝተህ ቤት ከገባህ በኋላ ነው "ሚሞሪዬ የት ይገባል" የምትለው። የሚገርመው ትንንሾቹ ጎ ስልኮች ብዙዎቹ ለሁለት ሲም ሁለት ቦታ፣ ለሚሞሪ ደግሞ የራሱ ቦታ አላቸው፣ በዚህ ብቻ ውዶቹን ያስከነዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ፋይል።

ኤስ8 በአንድሮይድ 7 ወጥቶ አንድሮይድ 9 ላይ ነው የቆመው፣ ከዛ በላይ አልሄደም። ሻጩ ራሱ ይሄን እንደ ጉድለት ነው የሚነግርህ፣ ለፋይል ሰው ግን ጥቅም ነው እላለሁ። ለምን መሰለህ፣ ጉግል በአንድሮይድ 10 ጀምሮ በ11 ደግሞ ግድ ያደረገው አዲስ ደንብ አለ፣ አፖች የሌላውን አፕ ፎልደር እንዳያዩ የሚከለክል። ለግል ሚስጥር ጥሩ ነው፣ አልክድም፣ ግን "አንድሮይድ" የሚለው ፎልደር ውስጥ "ዳታ" ላይ ያለውን ፋይል ማናጀር ከፍቶ መገልበጥ በአዲሶቹ ስልኮች ላይ ፍዳ ሆኗል። አንድሮይድ 9 ላይ ይሄ የለም፣ ፈቃድ ከሰጠኸው ፋይል ማናጀሩ የስልኩን ስቶሬጅ እንደ ኮምፒውተር ወለል አድርጎ ያሳይሃል፣ የቴሌግራም ፎልደር፣ የጌም ፋይል፣ የቪዲዮ ኤዲተሩ የደበቀው ፕሮጀክት ሁሉ ፊትህ ነው። ሚሞሪው ላይ ለመጻፍ ብቻ አንዴ ፈቃድ ይጠይቅሃል፣ ሚሞሪውን መርጠህ ፍቀድ ትላለህ፣ አለቀ።

ሌላው ደግሞ የኤስ8 64 ጂቢ የራሱ ስቶሬጅ ላይ እስከ 256 ጂቢ ሚሞሪ መጨመር ትችላለህ፣ ካሜራው በቀጥታ ሚሞሪ ላይ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል፣ ታይፕ ሲ ስለሆነ በኦቲጂ (ፍላሽን ከስልክ ጋር በሚያገናኘው ማገናኛ) ፍላሽ ትሰካና ኮምፒውተር ሳትነካ ትገለብጣለህ። ላፕቶፕ ላይ ስትሰካው ስክሪኑ ላይ ፋይል ማስተላለፊያ የሚለውን ካልመረጥክ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፣ ስንት ሰው "ኬብሉ ተበላሽቷል" ብሎ አዲስ ኬብል ገዝቷል በዚህ ምክንያት። ያው ኬብሉም ቢሆን ርካሹ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሊሆን ይችላል።

አይፎኑስ? አይፎን ፋይል አያስተላልፍም የሚለው አሮጌ ወሬ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ ውሸትም አይደለም። ፋይልስ የሚባለው አፕ በ2017 ከአይኦኤስ 11 ጋር መጣ፣ ፍላሽ ማንበብና ዚፕ መፍታት ደግሞ በ2019 ከአይኦኤስ 13 ጋር። አይፎን 7 እስከ አይኦኤስ 15 ስለሚሄድ ይሄ ሁሉ አለው። ችግሩ የሚጀምረው ከዛ በኋላ ነው፣ ፍላሽ ለመሰካት ለላይትኒንግ የሚሆን አዳፕተር መግዛት አለብህ፣ ከፍተኛ ጉልበት የሚፈልግ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ቻርጀር ጎን ለጎን የሚሰካበት አዳፕተር ካልሆነ አላነብም ይልሃል። ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው ፎቶና ቪዲዮ ታያለህ፣ ዘፈን ጎትቼ ልክተት ካልክ ግን አይሆንም፣ አይቱንስ (የአፕል የኮምፒውተር ፕሮግራም) ግባ ይልሃል። እኔ የማደርገው ቪኤልሲ (የቪዲዮና የዘፈን ማጫወቻ) ጭኜ በዋይፋይ ማስተላለፊያው ማስገባት ነው፣ ስልኩና ላፕቶፑ አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ብሮውዘር ላይ አድራሻውን ከፍተህ ፋይሉን ትጥላለህ፣ አይቱንስ ሳይነካ ይገባል።

ፎቶውም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከአይፎን 7 ጀምሮ ካሜራው ሄይክ በሚባል ፎርማት ያነሳል፣ ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ፎቶ ቤት ወስደህ "ይሄን አትምልኝ" ስትል አሮጌ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተራቸው አይከፍተውም። ሴቲንግ ገብተህ ካሜራ፣ ፎርማትስ፣ ከዛ ሞስት ኮምፓቲብል የሚለውን አድርገው፣ ከዛ በኋላ የምታነሳው ጄፔግ ይሆናል። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ስንት ምልልስ ይቀርልኝ ነበር።

32 ጂቢውን አይፎን 7 ደግሞ እንዳትገዛ፣ እባክህ። ሚሞሪ አይጨመርበትም፣ አይክላውድ በነጻ የሚሰጥህ 5 ጂቢ ነው፣ ኤዲቲንግ ለሚሰራ ሰው ሳምንት አይሞላም። ከተገኘ 128ቱ ነው።

ጎ ስልኳ። ጎ ኤዲሽን ጉግል ለደካማ ስልኮች ያቀለለው አንድሮይድ ነው፣ ፋይልስ ጎ የሚለውን አፕ ይዞ መጣ፣ አሁን ፋይልስ ባይ ጉግል የሚባለው ማለት ነው። አፑ ደስ ይላል፣ የተደጋገመ ፎቶ፣ የዋትሳፕ ቀልድ ቪዲዮ፣ ትልልቅ ፋይል ለቅሞ አጥፋው ይልሃል፣ ኢንተርኔት ሳይጠቀም ከስልክ ስልክም ይልካል። 16 ጂቢውን ግን ሲስተሙ ራሱ ብዙውን ስለሚበላው የሚተርፍህ ትንሽ ነው፣ ያችንም የሚጨርሳት ቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዛ ስቶሬጅ ዩሴጅ ግባና ሚዲያ የሚቆይበትን ጊዜ አንድ ሳምንት አድርገው፣ አውቶማቲክ ዳውንሎዱንም አጥፋው። ካሹ ቢጠፋም ፋይሉ ቻናሉ ላይ እስካለ ድረስ መልሰህ ታወርደዋለህ፣ የሚጠፋብህ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብዬ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት ያለ ችግር ነው። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ሚሞሪ ካርድን "የስልኩ ስቶሬጅ አካል አድርገው" የሚል ምርጫ አለ፣ ሚሞሪውን ስትከት ስልኩ ራሱ ይጠይቅሃል። ስቶሬጅ ሙሉ ነው እያለ የሚነዘንዝህ ስልክ ላይ ይሄ የሰማይ ስጦታ ነው የሚመስለው። አጎቴ እንደዛ አደረገ፣ የስልኩን ብራንድ ተወው፣ የልጁን ክርስትና የሚያክል ፎቶ ሙሉ እዛ ላይ ነበር፣ አንድ ቀን ስልኩ ውሃ ውስጥ ገባና ሞተ። "ምን ችግር አለው ሚሞሪው ደህና ነው" ብሎ አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ከተተው፣ ፎርማት ላድርገው ወይ ይለዋል። ሚሞሪው እኮ ደህና ነው፣ ግን እንደዛ ሲደረግ ይመሰጠራል፣ ቁልፉ ያለው የሞተው ስልክ ውስጥ ነው፣ ሌላ ስልክም ኮምፒውተርም አያነበውም። ሶስት ቦታ ይዘን ዞርን፣ ሁሉም ያው ነው ያሉን። በዛ ላይ ሚሞሪው ዘገምተኛ ከሆነ አፖቹ ሁሉ ከሱ ላይ ስለሚነሱ ስልኩ ይንፏቀቃል። ስለዚህ ጎ ከገዛህ ሚሞሪውን ተንቀሳቃሽ አድርገህ ብቻ ተጠቀም፣ ፎቶና ዘፈን እዛ፣ አፕ ስልኩ ላይ። ኤስ8 ላይ ይሄ ጭንቀት የለም፣ ሳምሰንግ ያንን ምርጫ ራሱ አጥፍቶታል፣ ያኔ ስንቱ ተሳድቦበታል፣ እኔ ግን አሁን ልክ ነበሩ ባይ ነኝ።

ፋይል ማናጀር የቱን ካልከኝ፣ ለአንድሮይዶቹ ማቴሪያል ፋይልስ፣ ነጻ ነው ማስታወቂያ የለው፣ ኤፍቲፒ (በኔትወርክ ፋይል ማስተላለፊያ) ከፍቶ ያለ ኬብል ላፕቶፕ ላይ ያገናኝሃል። ሁለት ፎልደር ጎን ለጎን ከፍቶ መገልበጥ ለሚወድ ኤክስ-ፕሎር፣ ከድሮ የኖኪያ ሲምቢያን ስልክ ጀምሮ ያለ ነው፣ የኛ ዘመን ሰዎች ታውቁታላችሁ። ራር (እንደ ዚፕ የታመቀ ፋይል) ለመፍታት ዜድአርካይቨር። ሶሊድ ኤክስፕሎረር ቆንጆ ነው ግን ከ14 ቀን በኋላ ክፈል ይላል፣ ከዚህ ሆኖ ጉግል ፕሌይ ላይ መክፈል ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ኢኤስ ፋይል ኤክስፕሎረርን ግን ካርድ በካርድ እየተቀባበልን የጫንነው ዘመን አልፏል፣ በ2019 አንድ ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ሰው ፋይልህን እንዲያይ የሚያደርግ ቀዳዳ ተገኝቶበት ነበር፣ ከፕሌይ ስቶርም ወጣ፣ አሁንም ከቴሌግራም ቻናል አውርደህ አትጫነው።

ወደ ማሳመሩ እንምጣ። እዚህ ጋ ኤስ8 ብዙ ይርቃል። የራሱ ቲም አለው፣ ፎንት ይቀየራል (የፈረንጁ ፊደል ይቀየራል፣ ፎንቱ ውስጥ የኛ ፊደል ከሌለ ግዕዙ በነበረበት ይቀራል፣ እንዳትደነግጥ)፣ የፈለግከውን ኤምፒ3 የጥሪ ድምጽ ታደርጋለህ፣ ላውንቸር (የስልኩን መነሻ ገጽ የሚያሳየውን አፕ) ትቀይራለህ። ኖቫ ለዓመታት አንደኛ ነበር፣ በ2022 ተሽጦ በ2025 የሰራው ሰውዬ ራሱ ከለቀቀ በኋላ ግን እኔ አዲስ ለሚጀምር ሰው አልመክርም፣ ሎውንቼር ወይ ኒያጋራ ይሞክር። ደሞ ሴኪውር ፎልደር (የሚቆለፍ የግል ፎልደር) አለው፣ ቤት ውስጥ ስልክህን ልጅ ሁሉ የሚነካው ከሆነ ያስፈልግሃል። ሩት (የሲስተሙን ጥበቃ ከፍቶ ሙሉ ስልጣን መያዝ) ላድርገው ካልክ አታድርገው፣ አንዴ ካደረግከው ኖክስ የሚባለው ጥበቃ ላይመለስ ይቃጠላል፣ ሴኪውር ፎልደርም ይሞታል፣ የባንክ አፖችም ብዙ ጊዜ አይከፈቱም። ከአሜሪካ የመጣው ኤስ8 ደግሞ ቡትሎደሩ (ስልኩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የተቆለፈ ነው፣ ብትሞክርም አይሆንልህም።

አይፎን 7 ላይ በአይኦኤስ 14 ዊጀት መጣ፣ በሾርትከትስ አፕ አይከን መቀየር ይቻላል፣ ግን እያንዳንዱን አንድ በአንድ ነው፣ እኔ አስራ አንድ አፕ ላይ ሰልችቶኝ ተውኩት። የጥሪ ድምጽ ለመቀየር ጋራዥባንድ ገብተህ ዘፈኑን 30 ሰከንድ ቆርጠህ... በቃ ከስልኩ ጋር የመጣውን ድምጽ ተለማመደው። ጎ ስልኳ ላይ ደግሞ ማሳመር ራሱ ራም ይበላል፣ ኪስ ላውንቸር የሚባል በጣም ቀላል አለ፣ እሱን ጫን፣ የሚንቀሳቀስ ዋልፔፐር አታስብ።

አይፎኑ የሚያሸንፍበት ዕድሜው ላይ ነው። የኤስ8 የደህንነት አፕዴት በ2021 ቆሟል፣ አይፎን 7 ግን በ2025 እንኳን ተልኮለታል። ዋትሳፕ በ2025 ዝቅተኛውን አይኦኤስ 15.1 ሲያደርግ አይፎን 6 ወደቀ፣ 7 አለፈ። ስለዚህ የገንዘብ ነገር በስልክ የሚሰራ፣ ፋይል የማይገለብጥ፣ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ ሰው አይፎኑን ይውሰድ። ለእናትህ፣ ለአባትህ፣ ሚሞሪ ላይ መዝሙርና ስብከት አስሞልተው ለሚያዳምጡ፣ ጎ ስልኳ በቂያቸው ናት፣ አንዳንዶቹ ግን 3ጂ ብቻ ስለሆኑ ሳትከፍል ጠይቅ። ለእህቴ ልጅ ኤስ8 ነው ያልኩት፣ ባለ ሁለት ሲሙን ካገኘ አንዱን ሲም ይተዋታል፣ የባንክ አፑን ደግሞ ሌላ ስልክ ላይ ያደርጋል።

ሱቅ ስትሄድ ሚሞሪና ኦቲጂ ፍላሽ ይዘህ ሂድ። ፍላሹ ላይ ከ4 ጂቢ የሚበልጥ ፊልም አድርግበት (ፋት32 ፎርማት ከሆነ አይቀበልህም፣ ኤክስፋት አድርገው)፣ እዛው ቆመህ ከፍላሽ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ሚሞሪ ገልብጥ፣ ሚሞሪ ማስገቢያው የተሰበረ ስልክ የሚታወቀው እንደዛ ነው። ኤስ8 ከሆነ ነጭ ገጽ ክፈትና ስክሪኑ ላይ የድሮ ኪቦርድ ጥላ ቀርቶ እንደሆን እይ፣ ጠርዙ የታጠፈ ስለሆነ ስክሪን ማስቀየር ውድ ነው። አይፎን ከሆነ ሻጩ ፊትህ አይክላውዱን ያውጣ፣ አንድሮይድም ከሆነ ሪሴት አድርጎ የድሮው ጂሜይል ሳይጠይቅ እስኪከፈት ጠብቅ። ሚሞሪውንም ከዛው ሱቅ "512 ጂቢ በርካሽ" ካሉህ ተው፣ ስልኩ ላይ 512 ብሎ የሚያሳይ ግን ስምንት ጂቢ ላይ ሲደርስ የቀደመውን እየደመሰሰ የሚጽፍ አስመስሎ የተሰራ ካርድ ሞልቷል፣ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ሳትፈትሸው የሰው ሰርግ ቪዲዮ እንዳትጭንበት።