ወርድ፣ ራይተር ወይስ ጉግል ዶክስ? የገጽ አቀማመጥ የሚቀናው በየትኛው ነው

አንድ ገጽ ማመልከቻ ለመጻፍ ከሆነ ሦስቱም ያው ናቸው፤ እጅዎ የለመደውን ይክፈቱና ይጻፉ። ልዩነቱ የሚወጣው በአንድ ፋይል ውስጥ የተለያየ ዓይነት ገጽ ሲያስፈልግ ነው። ሽፋኑ ቁጥር አይኖረውም፣ ምስጋናውና ማውጫው በሮማን ቁጥር ይሄዳሉ፣ ምዕራፍ አንድ ከ1 ይጀምራል፣ መሀል ላይ ደግሞ ሰፊ ሰንጠረዥ የተኛበት አንድ አግድም ገጽ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጀ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ስለዚህ ማይክሮሶፍት ወርድን፣ ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ራይተርንና በበይነ መረብ የሚሠራውን ጉግል ዶክስን የማወዳድረው በዚሁ ሥራ ነው። የሚያምር ቴምፕሌት የትኛው ላይ በዛ የሚለው ጉዳዬ አይደለም።

ወርድ፦ ሁሉም ነገር በሴክሽን

ወርድ ሰነዱን በሴክሽን፣ ማለትም በክፍል በክፍል፣ ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱ ሴክሽን የራሱ ማርጂን (በገጹ ዳር የሚተወው ባዶ ቦታ)፣ የራሱ የወረቀት አቅጣጫ፣ የራሱ ሄደርና ፉተር (ራስጌና ግርጌ) ሊኖረው ይችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ኮርሰሩን «ምዕራፍ አንድ» ከሚለው ፊት አድርገው ሌይአውት ከሚለው ታብ ብሬክስን ይከፍቱና ኔክስት ፔጅ የሚለውን ሴክሽን ብሬክ ይመርጣሉ። ተራው ፔጅ ብሬክ አይበቃም፤ እሱ ጽሑፉን ወደሚቀጥለው ገጽ ከመግፋት ሌላ ሥራ የለውም። ከዚያ የምዕራፉን ፉተር ሁለቴ ክሊክ አድርገው ከፊተኛው ክፍል ጋር የሚያያይዘውን ሊንክ ቱ ፕሪቪየስን ያጠፋሉ፤ በፎርማት ፔጅ ነምበርስ ውስጥም ቁጥሩ ከ1 እንዲጀምር ያዛሉ። በመጨረሻ ወደ ላይ ተመልሰው ለመግቢያዎቹ ገጾች ሮማን ቁጥር ይሰጣሉ። ሊንክ ቱ ፕሪቪየስን ሳያጠፋ የቀረ ሰው ከፊተኛው ክፍል ላይ ቁጥሩን ሲሰርዝ ከምዕራፉም ይጠፋበታል፣ ሲመልሰው ሁለቱም ላይ ይመለስበታል፤ እንዲህ ሲል ያመሻል።

ብዙ ሰው ወርድን የሚረግመው ግን በሌላ ነገር ነው። ሴክሽን ብሬክ እንዲሁ የተሰመረ መስመር ይመስላል እንጂ ከበላዩ ያለውን ክፍል ማርጂንና አቅጣጫ የያዘው እሱ ራሱ ነው። ሲሰረዝ የላይኛው ክፍል የታችኛውን መልክ ይወርሳል። ከአግድም ገጹ በኋላ ያለችውን ብሬክ ባዶ መስመር መስላዎት በዲሊት ከነኳት፣ ሰንጠረዡ በቁም ገጽ ላይ ይሆንና ጎኑ ከወረቀቱ ወጥቶ ያገኙታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8ን አንድ ላይ ሲጫኑ የተደበቁት ምልክቶች በሙሉ ይታያሉ። ሴክሽን ያለበት ፋይል ላይ ሲሠሩ ምልክቶቹን ከፍተው ይተዉአቸው። መጀመሪያ ዓይን ይረብሻሉ፣ በኋላ ይለመዳሉ።

ራይተር፦ የገጹ ስም

ራይተር ላይ ገጹን የሚገዛው ፔጅ ስታይል፣ ማለትም ስም የተሰጠው የገጽ መልክ፣ ነው። «ፈርስት ፔጅ»፣ «ላንድስኬፕ»፣ «ዲፎልት» የሚባሉ ተዘጋጅተው የሚጠብቁ ስታይሎች አሉ፤ የራስዎንም ፈጥረው «መግቢያ» ብለው ሊሰይሙት ይችላሉ። ኤፍ11ን ሲጫኑ የስታይሎቹ ዝርዝር በጎን ይከፈታል። ማርጂኑ፣ ፉተሩ፣ ቁጥሩ ሮማን ይሁን ወይስ ተራ ቁጥር የሚለው ሁሉ በስታይሉ ውስጥ ነው የሚወሰነው። ከመግቢያ ወደ ምዕራፍ አንድ ሲሻገሩ ከኢንሰርት ሜኑ ማንዋል ብሬክን ይከፍታሉ፤ በዚያችው ትንሽ መስኮት ላይ የሚቀጥለው ገጽ ስታይል ምን እንደሆነና ቁጥሩ ከስንት እንደሚጀምር አብረው ይናገራሉ። አለቀ።

ይህ አሠራር ከወርድ ይልቅ ንጹሕ ነው ባይ ነኝ። የ200 ገጽ መጽሐፍ ውስጥ የምዕራፍ መክፈቻ ገጾች ሁሉ ራስጌ እንዳይኖራቸው ቢፈልጉ፣ ያንን ስታይል ለመክፈቻዎቹ ሰጥተው ከሆነ አንድ ቦታ ሲነኩት ሁሉም ይታዘዛሉ። ወርድ ላይ እያንዳንዱን ሴክሽን መዞር ሊኖርብዎ ነው።

ወጥመዱም ከዚሁ ይመጣል። ከወርድ የመጣ ሰው አንዱን ገጽ አግድም ለማድረግ ብሎ የገጹን ቅንብር ከፍቶ ላንድስኬፕ ሲል፣ ያንን ስታይል የያዙት ገጾች በሙሉ ይጋደማሉ። ራይተር የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ የተነገረው ስለ አንድ ገጽ ሳይሆን ስለ ስታይሉ ነውና። ትክክለኛው መንገድ ከሰንጠረዡ በፊት «ላንድስኬፕ» የሚል ስታይል ያለው ብሬክ ማስገባት፣ ከሰንጠረዡ በኋላ ደግሞ ወደ ዋናው ስታይል የሚመልስ ሌላ ብሬክ ማስገባት ነው።

ትልቁ ችግር ፋይሉ ሲመላለስ ይታያል። የወርድ ፋይል ራይተር ላይ ሲከፈት ሴክሽኖቹ «ኮንቨርትድ» ምናምን የሚል ስምና ቁጥር ወዳላቸው ስታይሎች ይለወጣሉ። አማካሪዎ በወርድ አርመው የሚልኩልዎ ከሆነ ከጥቂት ምልልስ በኋላ በስም የደረደሩት ሁሉ ሊዘበራረቅ ይችላል። ለብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ይህ ምንም አይደለም።

ጉግል ዶክስ፦ ለጋራ ሥራ እንጂ

ዶክስ ሲጀመርም የታሰበው አንድ ወጥ መልክ ላለው ሰነድ ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ ቁምና አግድም ገጽ መቀላቀል የተቻለው ገና በ2020 ነው። አሁን ሴክሽን ብሬክ አለው፤ ፋይል ከሚለው ሜኑ ፔጅ ሴትአፕን ከፍተው ለውጡ ለዚህ ሴክሽን ብቻ ይሁን ማለት ይችላሉ። ሽፋኑን ከቁጥር ነጻ ማድረግም፣ ቁጥሩን ከፈለጉት ማስጀመርም ይቻላል። ቁጥሩን ሮማን ማድረግ ግን አይቻልም። በእጅ እየጻፉ የሚያታልሉ አሉ፤ ገጽ በተጨመረ ቁጥር እንደገና መጻፍ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያስገባ ሰው ይህ ብቻውን ዶክስን ከውድድር ያስወጣዋል።

ሌላም አለ። ፔጅ ሴትአፕ ውስጥ «ፔጅለስ» የሚል ምርጫ ከ2022 ጀምሮ ተጨምሯል። እሱ ከተመረጠ የገጽ ወሰን የሚባል ነገር የለም፤ ሄደር፣ ፉተርና የገጽ ቁጥር ከዓይን ይሰወራሉ። «የገጽ ቁጥሬ ጠፋ» ለሚል ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ነገር ግን አምስት ሰው በአንድ ሪፖርት ላይ ሲጽፍ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሪያድ፣ አንዱ ደንቨር ሆኖ፣ ወርድም ራይተርም ዶክስን አይተካከሉትም። እኔ የምመክረው ጽሑፉን ዶክስ ላይ በጋራ መጨረስና የገጹን ሥራ ወርድ ወይም ራይተር ላይ አውርዶ በአንድ ሰው እጅ ማስጨረስ ነው።

ለመጽሐፍና ለመጽሔት

በወረቀቱ ፊትና ጀርባ የሚታተም ነገር ላይ በጥራዙ በኩል ያለው ማርጂን ከውጪው መስፋት አለበት፤ ቀኝና ግራ ገጹም እንደ መስተዋት ተቃራኒ መሆን አለባቸው። ወርድ ሚረር ማርጂንስ ይለዋል፤ ራይተርም በፔጅ ስታይሉ ውስጥ ሚረርድ የሚል ምርጫ አለው። ለጥራዝ የሚተወውን ትርፍ ቦታ ለብቻው መስጠት ወርድ ላይ ከጥንትም ያለ ነው፤ ራይተር ያገኘው በ2021 በወጣው 7.2 ነው። ዶክስ ተቃራኒ ማርጂን የለውም። ለሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ለዕድር ትንሽ መጽሔት ኤ4ን ለሁለት አጥፎ በኤ5 መጠን (148 በ210 ሚሊሜትር) ማውጣት ከፈለጉም ወርድ ላይ ቡክ ፎልድ፣ ራይተር ላይ ደግሞ በፕሪንት መስኮቱ ብሮሹር የሚል አለ፤ የገጾቹን ተራ ራሳቸው ያመቻቹታል።

የወረቀቱ ነገር

ኮምፒውተሩ በአሜሪካ ቅንብር ከተጫነ አዲስ ፋይል በሌተር መጠን ሊከፈት ይችላል። ሌተር 215.9 በ279.4 ሚሊሜትር ነው፣ ኤ4 ደግሞ 210 በ297። ኤ4 በቁመት 17.6 ሚሊሜትር ይበልጣል፣ በስፋት 5.9 ያንሳል። ዋሽንግተን የተሰናዳ የቤተ ክርስቲያን መርሐ ግብር አዲስ አበባ ሲታተም ግርጌው ላይ ባዶ ቦታ የሚተርፈው፣ ከአዲስ አበባ የሄደውም እዚያ የመጨረሻ መስመሮቹ ወደ አዲስ ገጽ የሚሸሹት በዚህ የተነሳ ነው። በሦስቱም ከመጻፍዎ በፊት መጠኑን ይወስኑ። ማርጂኑም ቢሆን ወርድና ዶክስ ሲከፈቱ 2.54 ሳንቲሜትር ይሰጣሉ፣ ራይተር 2 ያህል ነው። ተቋምዎ በግራ 4 ይሁን ካለ ከመጀመሪያው ይሙሉት፤ መጨረሻ ላይ ሲቀየር የገጽ ብዛቱም ማውጫውም አብሮ ይቀየራል።

የአማርኛ ፊደል

ገጹን ከማርጂን ይልቅ የሚያናጋው ፎንት ነው። በኒያላ የተጻፈ ፋይል ኒያላ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት በኤብሪማ ወይም በሌላ ይተካል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ 80 ገጽ የነበረው ሌላ ቁጥር ሆኖ ይመጣል። በዊንዶውስ 10 ደግሞ ኒያላ ለብቻው የሚጨመር እንጂ ከሁሉም ጋር የሚመጣ አይደለም። ወርድም ራይተርም ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ የማሸግ አማራጭ አላቸው፤ ይጠቀሙበት። ዶክስ ላይ እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያሉት ከበይነ መረብ ስለሚመጡ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ይታያሉ፤ የራስዎን ፎንት ግን መጫን አይችሉም። ስለዚህ ዩኒኮድ ከሚባለው የጋራ የፊደል ኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ የድሮ ፋይል ዶክስ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ውጥንቅጥ ነው የሚሆነው። እንደዚያ ያለ ፋይል የበዛበት መሥሪያ ቤት ፎንቱ የተጫነበትን ወርድ ባይለቅ ይሻለዋል።

ጀስቲፋይን (መስመሮቹን በግራም በቀኝም እኩል ማድረግን) በተመለከተ ሦስቱም አይረዱዎትም። «እንዲያስተላልፉላቸውም» ዓይነት ቃል መስመሩ ላይ ሳይበቃው ወደ ታች ሲወርድ የቀሩት ቃላት ተራርቀው ይቆማሉ፤ በሁለት ዓምድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዓምዱ ጠባብ ከሆነ በግራ ብቻ አስተካክለው ቢተዉት ለዓይን ይቀላል።

ዋጋ

ራይተር ነጻ ነው። ማውረጃው ከ300 ሜጋባይት በላይ ነው፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ግን ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ዶክስም በነጻ ነው፣ ከ15 ጊጋባይት ማስቀመጫ ጋር፤ ያለ ኢንተርኔት ለመሥራት ግን አስቀድሞ ክሮም ላይ ማሰናዳት ይጠይቃል። ወርድ በአሜሪካ ዋጋ በማይክሮሶፍት 365 ለአንድ ሰው በዓመት 99.99 ዶላር ነው፤ አንዴ ተከፍሎበት የሚቀረው ኦፊስ ሆም 2024 ደግሞ በ2024 ሲወጣ 149.99 ዶላር ነበር። ገጽ ለማሰናዳት ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ያዋጣል፤ በሁለተኛው ዓመት የ365 ኪራይ ይበልጠዋል። በዶላር የሚከፍሉበት ካርድ ከሌለዎት፣ ከየሱቁ የሚጫነውን የተሰበረ ወርድ ከመውሰድ ራይተርን እመርጣለሁ፤ የተሰበረው ቫይረስ ይዞ እንደሚመጣ ጥናታቸውን በፍላሽ ይዘው የዞሩ ሰዎች ይነግሩዎታል። ከጥቅምት 2025 ወዲህ ድጋፉ የተቋረጠውን ኦፊስ 2016 ወይም 2019 በገንዘብ የሚሸጥልዎ ካለም አይግዙ።

የትኛውን ልያዝ?

አማካሪዎ በወርድ የሚያርሙ ከሆነ ወርድ ይያዙ፤ እዚህ ላይ ራይተር ስለነጻነቱ ቢመረጥም የምልልሱ ጣጣ ይበልጣል። መጽሐፍ፣ የግጥም መድበል ወይም መጽሔት ራስዎ ጀምረው ራስዎ የሚጨርሱ ከሆነ ራይተር፤ ገንዘብ ቢኖርዎትም እንኳ። ቃለ ጉባኤ፣ የጋራ ሪፖርትና ፕሮፖዛል ዶክስ ላይ ይሁን። ስልክ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ወርድን ስልኩ ላይ በነጻ ያገኘዋል፣ ሰፋ ያለ የሴክሽን ሥራ ግን በስልክ አይሞከር።

የትኛውንም ይምረጡ፣ ወደ ኅትመት ቤት የሚሄደው ፒዲኤፍ ይሁን። እዚያም ሲታተም የፕሪንት መስኮቱን ዓይተው «አክቹዋል ሳይዝ» መባሉን ያረጋግጡ፤ «ፊት» (Fit) ከተመረጠ ገጹን አሳንሶ ስለሚያወጣው በግራ የለኩት 4 ሳንቲሜትር 4 ሆኖ አይወጣም።