ትንሿ 50 ሚሊ፦ ከምን አለሽ ተራ እስከ ሙሽራ ቤት

ሰርግ ማንሳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ነኝ፣ በሥራ ቀን ጊዜ ካገኘሁ መርካቶ። ላለፉት አራት ዓመታት ሁለቱንም በብዛት የማነሳው በአንድ ሌንስ ነው፤ በካነን 50 ሚሊ 1.8 ኤስቲኤም (1.8 የብርሃን ቀዳዳዋን ስፋት፣ ኤስቲኤም የፎከስ ሞተሯን ዓይነት ይናገራል)። «ሰርግ በዚች?» እያሉ የሚጠይቁኝ ስለበዙ የማውቀውን ልጻፍ።

ክብደቷ 160 ግራም ገደማ ነው። የወጣችው እ.አ.አ. በ2015 ሲሆን የ1990ውን ሞዴል ተክታ ነው። የድሮዋ ካሜራው ላይ የሚገጥመው ጀርባዋ ፕላስቲክ ነበር፣ የአዲሷ ብረት ነው። የድሮዋ ከ45 ሳንቲ ሜትር አልፋ አትጠጋም፤ ይህችኛዋ እስከ 35 ድረስ ፎከስ ትይዛለች። አሥር ሳንቲ ሜትር ምንም አይመስልም፤ እናት የልጇን ሐብል ከኋላ ስትቆልፍ ጣቶቿን ለማንሳት ግን ብዙ ነው።

ድሮ ዋናው ሌንሴ ረጅሙ ዙም፣ 70-200 ሚሊ ነበር። ግዮን ሆቴል ግቢ ወይም እንጦጦ ፓርክ ሙሽሮቹን አቁሜ፣ ሃያ እርምጃ ርቄ፣ «ግንባር ለግንባር ግጠሙ፣ አሁን ሳቁ» እላለሁ። ከኋላ ያለው ዛፍ ሁሉ ይሟሟል። ፎቶው ያምራል፣ ቤተሰብም ይፈልገዋል፣ ዛሬም አነሳዋለሁ። ግን አልበሞቹን ጎን ለጎን ስዘረጋ የማን ሰርግ እንደሆነ የሚለየው በፊት መልክ ብቻ ሆነ።

አንድ ጥር ላይ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ቤቱ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ነው። ወደኋላ ብል ግድግዳ፣ ዙሙ ደግሞ ከ70 ሚሊ ስለማይወርድ ሰፋ አድርጎ አያይም። ያገኘሁት የጋቢ ጫፍና የሚዜ ክርን ነው። «እባክሽ እንደገና» አልኳት፣ ሳመች። አባትየው ግን እንባቸውን በመጀመሪያው ጊዜ ጠርገው ጨርሰዋል። ያ ፎቶ አልበሙ ውስጥ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

መጠጋትን ያስተማረኝ የመርካቶው ምን አለሽ ተራ ነው። በርሜል የሚቀጠቅጥ ሰው ፊት ትልቅ ሌንስ ይዛችሁ ብትቆሙ መዶሻውን አስቀምጦ «ጋዜጠኛ ነህ?» ይላችኋል። በትንሿ ሰላም ብዬ፣ አስፈቅጄ፣ ሻይ ጠጥቼ እቀመጣለሁ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ይረሳኛል፤ ያኔ አነሳለሁ፣ ስክሪኑንም አሳየዋለሁ። ሳያስፈቅዱ ካሜራውን ወገባቸው ላይ ደብቀው የሚያነሱ አሉ፤ እኔ ግን ለፍቶ አዳሪን እንደዚያ ማንሳት አልወድም።

አሁን ሙሽራ ቤት የምደርሰው ሁለት ሰዓት ቀድሜ ነው፣ ቤቱ እስኪረሳኝ። ፍላሽ የለም፣ የመስኮት ብርሃን ብቻ፤ አፐርቸር (የሌንሷ የብርሃን ቀዳዳ) 2፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200። ካሜራዬ ካነን 6ዲ ስለሆነ የመሃሏ የፎከስ ነጥብ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥም ትይዛለች። ባለፈው ጥር አያትየው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የልጅቷን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ይዘው «እንትፍ እንትፍ» እያሉ ሲመርቁ አጠገባቸው ነበርኩ። ከትከሻቸው በላይ ሜካፕ የሠራችው ልጅ ብሩሿን እንደያዘች ደንግጣ ታያለች። ሙሽራዋ ስለ ሜካፑ ግድ የላትም፣ ዓይኗ ሞልቷል። ይህን ፖዝ ብዬ የማዘው ነገር አይደለም።

ለሁሉም ቦታ አትሆንም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለተክሊል መጠጋት ስለማይቻል ረጅሙ ሌንስ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ የላትም፣ ስለዚህ ሹተሩን ከ1/60 ሰከንድ በላይ አላዘገየውም። ካሜራችሁ ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነ ደግሞ እይታዋ እንደ 80 ሚሊ ሌንስ ይጠባል፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ እኔን የገጠመኝ ይገጥማችኋል፣ ለእናንተ 24 ሚሊ ይሻላል።

ያገለገለች ከገዛችሁ የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ መስታወቷን እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ተዉት። ከዚያ ካሜራ ላይ ግጠሟትና አንዴ እጃችሁን፣ አንዴ ከመንገድ ማዶ ያለ ታፔላ ፎከስ አስደርጓት።