ከጓሳ በሰላም ለመለሱን ለጋሼ

ፎቶዎቹን ከለጠፍኩ ጀምሮ "ማን ወሰዳችሁ?" እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከመመለስ እዚሁ ልጻፈው። የወሰዱን ሰው የደብረ ብርሃን ነዋሪ ናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። እኛም ሦስቱን ቀን የጠራናቸው እንዲሁ ነው።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን በራሳቸው አሮጌ ላንድክሩዘር ሰው ወደ መንዝና ወደ አንኮበር ያደርሳሉ። ሹፌር ብቻ ብላቸው ግን ሥራቸውን ማሳነስ ይሆንብኛል። ጉዞውን ከሥሩ ያቀዱልን እሳቸው ናቸው። ያቀዱልንም ባብዛኛው "አይሆንም" እያሉ ነው። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎን ነበር። ዛሬ ግን ላመሰግናቸው የተነሳሁት በእነዚያ "አይሆንም"ዎች ነው።

አሥራ አንድ ነበርን። የሥራ ባልደረቦች፣ ሁለት ባልና ሚስት፣ እኔና የአክስቴ ልጅ። ሐሳባችን ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ድንኳን ተክለን ሁለት ሌሊት ማደር ነበር። አምና ወደ አንኮበር ስንሄድ ያየነውን ስላየን ፈርቼ ነበር። ያኔ ከአንድ አከራይ መኪና ከነሹፌሩ ይዘን ወጣን። አመሻሽ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታውን ስናወርደው እሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ክሪኩም እጀታ የለውም። መንገድ ዳር መኪና ውስጥ ተጨናንቀን አደርን። ስለዚህ ዘንድሮ ጠይቄ፣ አጠያይቄ ነው ጋሼን ያገኘኋቸው።

ስደውልላቸው ስለ ዋጋ አላወሩም። "ስንት ሰው ናችሁ? መኪኖቹ ምን ምን ናቸው? አስም ያለበት፣ ልቡን የሚያመው፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው አለ? ነፍሰ ጡር አለች?" አሉኝ። ጉዞ ስናዘጋጅ ይህን የጠየቀን ሰው ኖሮ አያውቅም። ከዚያ በቴሌግራም ድምፅ እየቀዱ ይልኩልኝ ጀመር። የሚያዘውን፣ የማይያዘውን፣ የሚገዛውን፣ ከቤት የሚመጣውን። የቀን ዋጋቸውን፣ ናፍታውን፣ የመግቢያውንና የስካውቱን (የጥብቅ ስፍራው አጃቢ ጠባቂ) ክፍያ ለየብቻ በወረቀት ጽፈው ፎቶውን ላኩልኝ። በመጨረሻ የከፈልነውም ያንኑ ነው። አንድ ብር አልጨመረም።

የመጀመሪያው "አይሆንም" ዓርብ ላይ መጣ። እኛ ከሥራ ወጥተን በዚያው ማታ ጓሳ ለመግባት ነበር ያሰብነው። ከአዲስ አበባ ጓሳ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይደረስበታል ብለን። ጋሼ እምቢ አሉ። "ሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ጣርማ በርን በማታ በጉም ውስጥ አላሳልፋችሁም። ዓርብ ደብረ ብርሃን እደሩ።" ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጓሳ ከ3,200 ተነስቶ እስከ 3,700 ይደርሳል። ሰውነት አንድ ሌሊት መሃል ላይ ቢያርፍ ይሻለዋል አሉን። እሺ ብለን ዓርብ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነድተን አደርን።

ቅዳሜ ማለዳ መኪኖቹን አንድ በአንድ አዩ። ከሥር ገብተው ባሌስትራውን ነካኩ። ስኮርታውን ሁሉ አስወርደው ነፋሱን ለኩ። የሃይሉክሱ አንድ ጎማ ጎኑ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ነበረው፤ እኛ ከገዛነው ጀምሮ አይተነው አናውቅም። ጎሚስታ ዘንድ ወስደው አስቀየሩት። የጓደኛዬን ራቭ ፎር ደግሞ ዞር ዞር ብለው አይተው "ይቺ እዚሁ ትቀመጥ" አሉ። ባለቤቱ ሞገተ። "ልጄ፣ መኪናህ ጥሩ ናት። ሆዷ ግን ለመሬት ቅርብ ነው። ድንጋይ ካርተሯን ቢመታው እሑድን የምታሳልፈው ዘይት ስትፈልግ ነው" አሉት። የሚያውቁት ሰው ግቢ አስገብተውለት ሰዎቹን ወደ ራሳቸው ላንድክሩዘር አዛወሩ። ናፍታውንም እዚያው ደብረ ብርሃን ሙሉ አስሞሉን። ከዚያ ወዲያ ባለው ማደያ አልተማመንም አሉ።

ከመነሳታችን በፊት ወደ መሃል ሜዳ ሁለት ሰው ጋር ደወሉ። መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ዝናብ ዘንቦ ነበር ወይ፣ የተቆረጠ ቦታ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ይህን በየቀኑ ጠዋት ያደርጉት ነበር። ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ፣ ከማንም ጋር ብትሄዱ፣ ይህን ሳታደርጉ አትነሱ።

መንገዱን ብዙም አላወራም፤ ሄዳችሁ እዩት። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረው ዋሻ ሳይደርስ ወደ ግራ ተገነጠልን። መዘዞን፣ ሞላሌን አልፈን መሃል ሜዳ ገባን። እዚያ አንዲት እናት ገብስ ዳቦ ጋግረው፣ በሶ በቅቤ አሽተው ጠበቁን። ያዘዙልን ጋሼ ናቸው። ባናም አከራዩን። ባና የማታውቁ ካላችሁ፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። እኔ ውድ የመኝታ ከረጢት ገዝቼ ሄጄ ነበር። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ያዳነኝ ግን ላዬ ላይ የጣልኩት ባና ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለካ መንዝን ያየ ሰው የተናገረው ይመስለኛል። እማማ፣ እርስዎንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ከመሃል ሜዳ ወጥተን ጠጠሩ ሲብስ ጋሼ አስቆሙንና የሁሉንም ጎማ ነፋስ ቀነሱ። ከ35 ወደ 25 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ አወረዱት። ጎማው ሲላላ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፤ አይሰነጠቅም፣ ወገብም አይመታም። አስፋልት ላይ ግን በላላ ጎማ መፍጠን አደጋ ነው፤ ጎማው ይግላል፣ ይፈነዳል። ስለዚህ ስንመለስ በኮምፕሬሰር መልሰው ሞሉት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አንዱ ልጅ ናፍታ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገባ፣ ሲለቀው አዩት። አቆሙት። አልጮኹበትም። ጎኑ ተቀምጠው አራት በአራቱን አስገብተው፣ ትንሿን ማርሽ አስይዘው፣ ፍሬን ሳይነካ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ሲወርድ አሳዩት። "ፍሬን ከጋለ አይዝም። ገደሉ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም" አሉት። ልጁ የቀረውን መንገድ ሁሉ እንደዚያ ነዳ።

ጓሳ ስንደርስ ሜዳው ልብ ይሰርቃል። ሣሩ እንደ ባሕር ይተኛል፣ ይነሳል። ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል። ጭላዳዎቹ በመቶ ሆነው ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። እኛ ደግሞ ኦፍሮድ ለመንዳት የመጣን ልጆች ነን። ሃይሉክሱ ከመንገድ ወጥቶ ሣሩ ላይ ሊገባ ጎማውን አዞረ። ጋሼ ከፊት ሆነው መኪናቸውን መንገዱ ላይ አቁመው ወረዱ። በጉዞው ሁሉ ፊታቸው ሲቀየር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ይሄ ሣር የሰው ቤት ጣሪያ ነው" አሉን።

ከዚያ ቆመን አደመጥናቸው። ጓሳ የቦታው ስም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሣሩም ስም ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው፣ ገመዱን የሚገምደው፣ ለዝናብ የሚለብሰውን ገሳ የሚሠራው በእሱ ነው። ስለዚህ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ አስቦና ጌራ ተብሎ በሁለት ተከፍሎ፣ ሕዝቡ በራሱ ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል። ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ማጭድ አይነካውም፣ ከብት አይገባበትም። ሣሩ ሲደርስ በቀኑ ይከፈታል፣ ሁሉም ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ የቆየው ሥርዓት ፈረሰ። ሕዝቡ ግን አልተወውም፤ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ዛሬም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ያ ሜዳ የማኅበረሰቡ ጥብቅ ስፍራ ነው። ጋሼ ይህን ሲነግሩን እጃቸው ሣሩን እየዳበሰ ነበር። "ዓመታት የተጠበቀን ነገር በአንድ ጎማ አትርገጡት። መንገዱ ራሱ ይበቃችኋል።"

በቃን። ሁለቱን ቀን የተፈቀደውን ጥርጊያ መንገድ ብቻ ነዳን። ወደ ይፋት ቆላ የሚያየው ጫፍ ድረስ ሄድን። ድንጋዩ፣ ጭቃው፣ ዳገቱ ለነዳን ሁሉ ከበቂ በላይ ነበር።

ውሻንም የከለከሉን ቦታውን ለመጠበቅ ነው። አንዷ ጓደኛችን ውሻዋን ይዛ ለመምጣት ፈልጋ ነበር። ገና በስልክ "አይሆንም" አሏት። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከአገራችን በቀር የትም የለም፤ የቀሩትም ከ500 ያነሱ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ እነሱ ሲተላለፍ ያልቃሉ። እሑድ ጠዋት አንድ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያደባ ከሩቅ አየን። ውሻዋን የተወችው ልጅ ናት መጀመሪያ ያየችው። አለቀሰች።

አሁን ዋናውን ልናገር።

ቅዳሜ ማታ ድንኳን ስንተክል ጋሼ መኪኖቹን ሁሉ አዙረው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አስደረጉ። ቁልፎቹን አንድ ቦታ ሰበሰቡ። አንዱ መኪና ውስጥ ዕቃ እንዳይጫን፣ የኋላ ወንበሩ ባዶ እንዲሆን አሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም። እራት በላን፤ ወጡን አዲስ አበባ ሠርተን፣ ድርቆሹን ይዘን እንድንመጣ ያዘዙን እሳቸው ናቸው። በዚያ ከፍታ ውኃ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ጥሬ ይዛችሁ ብትወጡ እስኪበስል ትራባላችሁ ብለውን ነበር።

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የአክስቴ ልጅ ቀሰቀሰችኝ። ራሷን ቀን ጀምሮ ሲያማት ደብቃን ኖሯል። አስመለሳት። ቆማ መራመድ አቃታት። እኔ ጨነቀኝ። እስኪነጋ እንጠብቅ የሚል ሰው ነበር። ጋሼ ከድንኳናቸው ወጥተው በባትሪ ፊቷን አዩ፤ ቀና ብላ እንድትራመድ ጠየቋት። ወዲያው "ከፍታው ነው። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ አሁን እንሄዳለን" አሉ። ባዶው ወንበር ላይ አስተኛናት። በባና ጠቀለልናት። መኪናው ፊቱን ወደ መንገዱ ስላዞረ በጨለማ መሽከርከር አላስፈለገንም። ስካውቱ ከፊት ተቀምጦ መንገዱን አሳየ። ጋሼ በዚያ ጨለማ እንደ እንቁላል ተሸክመዋት ወረዱ። አንዴም አልፈጠኑም። በየመሃሉ "የኔ ልጅ፣ አለሽ?" ይሏታል። "አለሁ" ትላለች። መሃል ሜዳ ሐኪም አያት። ወርዳ ካደረች በኋላ ጠዋት ተነስታ ሻይ ጠየቀች።

ጋሼ ሲነጋ ወደ ሌሎቹ ተመልሰው ወጡ። ትኩስ ዳቦ ይዘውላቸው። እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ከመነሳታችን በፊት ሁለት ሰዓት ካልተኛሁ አልነዳም አሉ። አሁንም "አይሆንም"። ቁጭ ብለን ጠበቅናቸው፤ ሁላችንም ደስ እያለን።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎት ልጅዎ እንደሆነ አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ደህና ናት። እናቷ ስምዎን ሳታነሳ ውላ አታድርም። እኛም እንደዚያው ነን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

እሳቸውን ለምትፈልጉ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልካቸውን ፈቃዳቸውን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ከአሥራ አምስት ሰው በላይ አይወስዱም። ክረምት ላይ ጓሳ አይወጡም። የመኪናችሁን ዓይነትና የሕመም ታሪካችሁን ሳትደብቁ ንገሯቸው። ስትደውሉ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይሁን። ሲነዱ ስልክ አያነሱም።