ጎንደር ላይ ለልጆች የኦዲሽን ቪዲዮ የሚቀርጸው ስቱዲዮ፦ ካሜራው ጥሩ፣ አሠልጣኙ ይቀረዋል

ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በብዛት የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ለአምስት ደቂቃ የተዋናይ መምረጫ ፈተና (ኦዲሽን) ሕጻን ልጅ ይዞ ከጎንደር መመላለስ ደግሞ ለብዙ ወላጅ አይታሰብም። ፒያሳ አካባቢ ያለው ይህ ስቱዲዮ ልጆችን እዚሁ አሠልጥኖ፣ ቀርጾ ይልካል፤ ሐሳቡ በጣም የሚያስፈልግ ነው።

ቀረጻው ያስመሰግናል። ካሜራው ስታንድ ላይ ሆኖ ቁመቱ ከምትቀረጸው ልጅ ዓይን ጋር ይስተካከላል። ሌላ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቅ ሰው ቆሞ ከላይ ወደ ታች ሲቀርጽ ግንባሯ ይጎላል፣ ዓይኗ ይደበቃል፣ ዳይሬክተር የሚፈልገው ግን ዓይኗን ነው። ጥላዋ እንዳያርፍበት ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላ ትቆማለች። የባጃጅ ድምፅ በመስኮት ስለሚገባ መንገዱ ሳይጨናነቅ ቀጠሮ ጠዋት መያዝ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ መብራት አላቸው።

ትልቁ ችግር ሥልጠናው ላይ ነው። አሠልጣኙ ቃለ ተውኔቱን ራሱ በዜማው ብሎ "እንዲህ በይ" ይላታል፤ ልጅቷም እንደ ወላጆች ቀን ግጥም ትወጣዋለች። ዳይሬክተሩ "እስኪ ደግሞ ተናደሽ በይው" ቢላት ያንኑ ዜማ ትመልሳለች፤ ሌላ አታውቅማ! ለልጅ መነገር ያለበት ከማን ጋር እንደምትነጋገርና ምን እንደምትፈልግ ነው፦ "እናትሽ ልትሄድ ነው፣ እንዳትሄድ አድርጊያት።" የሌላውን ገጸ ባሕርይ ንግግር የሚያነብላት ሰው ከሌንሱ አጠገብ ተቀምጦ ዝቅ ባለ ድምፅ ያንብብ። ሁለት ጊዜ በተለያየ መንገድ መቅረጽ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከተደጋገመ ልጅ ይደክማል፣ ፊቷ ይደርቃል። የጎንደር አነጋገሯን ማረማቸውም ያሳዝናል። ስክሪፕቱ ካላዘዘ በቀር ምን በደለ?

ወላጅ እንዲፈርም የሚሰጠው ወረቀት ቪዲዮው የት የት እንደሚላክና መቼ እንደሚሰረዝ አይገልጽም። ይህ ሳይጻፍ አይፈረም። ልጅቷ ተመርጣ ውል ሲመጣ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ላሉትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም። ስለዚህ ውሉን የሕግ ባለሙያ ይየው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከልጅ ተዋናይ ገቢ 15 በመቶው ለራሱ በተዘጋ ሂሳብ እንዲቀመጥ ሕግ ያስገድዳል። እዚህ ወላጅ በፈቃዱ በልጁ ስም የቁጠባ ሂሳብ ከፍቶ ሊያደርገው ይችላል።

አንድ ሚና የልጅነት ዘመንን ሁሉ ሊወስድ እንደሚችልም ይታሰብ። አሜሪካዊቷ ሜሊሳ ጊልበርት 10 ዓመት ሳይሞላት በ1974 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የቴሌቪዥን ድራማ እስከ 1983 ዘልቋል፤ ኋላም ከ2001 እስከ 2005 የአሜሪካ የፊልም ተዋንያን ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት መርታለች። በእንዲህ ያለ ረጅም ሥራ ውስጥ የልጅ የትምህርት ሰዓት በውሉ ላይ ካልተጻፈ በቀረጻ ፕሮግራም ይዋጣል።

ለቀረጻው ብቻ ከሆነ ስቱዲዮው ይመከራል፤ ልምምዱን ቤት ጨርሶ መሄድ ነው። ቪዲዮውን በቴሌግራም ሲልኩላችሁ እንደ ፋይል ይላኩት፣ እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል። ዋናውን ቅጂም በፍላሽ ተቀበሉ።