ትንሽ ዕዳ ዲግሪ ሳይኖር ወይስ ትልቅ ዕዳ ከዲግሪ ጋር?

በአሜሪካ የፌዴራል የተማሪ ብድር የወሰዱ ሁለት ሰዎችን እናስተያይ። አንዱ 30,000 ዶላር ዕዳና ዲግሪ ይዞ ወጣ፤ ሌላው በማኅበረሰብ ኮሌጅ (ባብዛኛው የሁለት ዓመት ትምህርት በሚሰጥ የመንግሥት ኮሌጅ) ለመማር 5,000 ዶላር ተበድሮ በሁለተኛው ሴሚስተር አቋረጠ። መክፈል የሚያቅተው ማን ይመስላችኋል? በአብዛኛው ሁለተኛው ነው።

ዕዳው ቢያንስም ደመወዙን የሚያሳድግለት ወረቀት የለውም። ትምህርቱን ያቋረጠው ብዙ ጊዜ ልጅ ስለሚያሳድግ ወይም የሥራ ፈረቃው ከትምህርቱ ስለተጋጨ ነው፤ ይህ ችግር ደግሞ ከኮሌጁ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ቤት በቀየረ ቁጥር የማሳሰቢያው ደብዳቤም መንገድ ላይ ይቀራል።

ባለዲግሪው ቢቸገር ክፍያውን በገቢው ልክ ለማስተካከል ያመለክታል። ያኛውም ይህ መብት አለው፤ የሚነግረው ግን ማን ነው? ሳይከፍል 270 ቀን ካለፈው፣ መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከተጣራ ደመወዙ እስከ 15 በመቶ ሊቆርጥበት ይችላል።