ኩዊልታችሁን ለሎንግአርም ስፌት ከመስጠታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ገና ከኩዊልት ሰፊዎቹ ቤት መመለሴ ነው፣ ንዴቴም አልበረደም። ኩዊልት (ከላይና ከታች ጨርቅ፣ መሃሉ ጥጥ ያለው ብርድ ልብስ) በሎንግአርም፣ ማለትም ሦስቱን ንብርብር አንድ ላይ በሚሰፋው ረጅም ክንድ ባለው ትልቅ ማሽን፣ አሰፍታችሁ የምታውቁ እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። የንድፍ ደብተር ይዘረጉላችኋል፣ "ደስ ያለሽን ምረጪ" ይላሉ፣ ጨርቁን ይለካሉ፣ ቀብድ ይቀበላሉ፣ ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሱም። ስልኩስ ይሁን፣ ያንን ችዬው ነበር።

የመረጥኩት ፓንቶግራፍ (ከዳር እስከ ዳር በረድፍ እየተደጋገመ የሚሰፋ፣ ወረቀት ላይ የተሳለ ንድፍ) ትንንሽ ቅጠሎች ያሉት ሐረግ ነው፣ የአንዱ ረድፍ ቁመት 6 ኢንች። እንዲያው ስላማረኝ ብቻ አይደለም። የላዩ ጨርቅ የተገጣጠመው ከትንንሽ ቁራጭ ነው፣ ትልቅ ንድፍ ይውጠዋል። ደግሞ መሃል የሚገባው ጥጥ ማሸጊያ ላይ ስፌቱ ከ4 ኢንች በላይ መራራቅ እንደሌለበት ተጽፏል። ከዚያ ካለፈ ሲታጠብ ጥጡ ቦታውን ይለቅና ይቋጠራል። ይሄን ሁሉ ለሴትዮዋ አንድ በአንድ አስረዳኋት፣ "ገባኝ፣ ገባኝ" እያለች ጻፈች።

ዛሬ ልረከብ ሄድኩ። ፌስታሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው የሌላ ሰው የሰጡኝ ነው የመሰለኝ። ጨርቁ የራሴ ነው፣ ሐረጉ ግን የለም። ከዳር እስከ ዳር ትልልቅ ጥምዝምዝ ነው የሰፉበት። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ፣ ረድፉ 12 ኢንች። በጥምዝምዞቹ መሃል መዳፌን ዘርግቼ አስቀመጥኩ፣ አንድም ስፌት አልነካኝም።

በዚያ ላይ ረድፎቹ አልተገጣጠሙም። ሰፊዋ ከማሽኑ ኋላ ቆማ ወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር በሌዘሩ ብርሃን ነው የምትከተለው። አንዱ ረድፍ ሲያልቅ ጨርቁ ይጠቀለላል፣ ያኔ ቀጣዩ ረድፍ ከቀደመው ጋር መግጠሙን በግራም በቀኝም ማየት አለባት። አላየችም። በግራ በኩል ሁለቱ ረድፎች ተደራርበዋል፣ ወደ ቀኝ ሲሄዱ እየተራራቁ ሄደው መሃላቸው ባዶ ቀርቷል።

"ያዘዝኩት ይሄን አይደለም" አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ። "ያኛው ጊዜ ይፈጃል እህቴ፣ ደግሞ ብርድ ልብስ ነው፣ ማን ቀርቦ ያየዋል?" አለችኝ። ከኋላዋ የተቀመጠችው ልጅ ሳቀች።

ማን ቀርቦ ያየዋል! እኔ ነኛ የማየው። እያንዳንዷን ቁራጭ ቆርጬ፣ ተኩሼ፣ ማዕዘኑን ከማዕዘን አግጥሜ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የሚለብሰው ሰውም ያየዋል።

ለምን እንደቀየሩት ሂሳቡ ይናገራል። ጨርቁ 90 ኢንች ይረዝማል። በ6 ኢንች ከተሰፋ 15 ረድፍ ይወጣዋል፣ በ12 ኢንች ግን 8 ሳይሞላ ያልቃል። ሥራው በግማሽ ቀነሰላቸው ማለት ነው፣ እኔን ግን ያስከፈሉኝ የጥቅጥቅ ንድፍ ዋጋ ነው፣ ሳይቀንሱ። "ቀሪው ካልተከፈለ ጨርቁ አይወጣም" አሉ። ጨርቄ እጃቸው ላይ ነው፣ ምን አማራጭ አለኝ? ከፈልኩ። ተርትራችሁ እንደገና ስፉት ስል ደግሞ "ጨርቁ ቢበሳሳ ኃላፊነት አንወስድም" ብለው መለሱልኝ። መበሳሳቱን እኔም አውቃለሁ፣ በአንድ ኢንች 10 ያህል ስፌት ነው ያለው፣ መርፌው ያለፈበት ቀለሙ ጠቆር ባለው ጨርቅ ላይ ሁሉ ይታያል። ግን ያበላሹት እነሱ ናቸው!

ስትሰጡ የንድፉን ስም፣ የረድፉን ቁመት በኢንች፣ የክሩንም ቀለም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የመጀመሪያው ረድፍ እንዳለቀ፣ ጨርቁ ሳይጠቀለል፣ ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ይሄን እምቢ የሚል ቦታ ካጋጠማችሁ ቀብድ ሳትከፍሉ ጨርቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።